መጀመሪያ ታንኩን፣ ከዚያ ጎማውን፦ ስለ ሞዴል ጄት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው የመጣው ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂው የመጀመሪያውን ባለ ተርባይን ሞዴል ጄት ገጣጥሟል። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሳይሞላ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ተርባይኑ የ100 ኒውተን ግፊት ይሰጣል። ሁለት የነዳጅ ታንክ አለው፤ አንዱ 2.2 ሊትር፣ ሌላው 0.8 ሊትር ይይዛል። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ሜዳው እስኪያልቅ ብነዳውም አፍንጫው አልነሳ ይላል። ከዚያ በድንገት ብድግ ይልና ይዘላል። ሲያርፍ ደግሞ እንደ ኳስ ይነጥራል። ባለፈው ቅዳሜ በአራተኛው ደቂቃ፣ መታጠፊያ ላይ እያለ ሞተሩ ጠፋ። ካወረድኩት በኋላ ሳየው ትልቁ ታንክ ውስጥ ገና ብዙ ነዳጅ ነበር። ጎማውን ልቅደም ወይስ ታንኩን?»

ከጥያቄው ጋር የቱቦዎቹን ፎቶና የጎማዎቹን ልኬት ልኳል።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም አወረድከው። ሞተር የጠፋበት ጄት እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው፤ በጎማው አሳርፈኸዋልና እጅህ ጥሩ ነው። መልሱን ላስቀድምልህ፦ ታንኩን ቅደም። ግን ሁለት ችግር አለብኝ ብለህ አታስብ። ችግርህ አንድ ነው። ነዳጁ የተቀመጠበት ቦታ ነው ጎማው የሚሸከመውን የሚወስነው። ታንኩን ሳታስተካክል ጎማ ብትነካ፣ ታንኩን ያስተካከልክ ቀን ጎማውን እንደገና ትፈታለህ።

ከሞተሩ ልጀምር፤ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣው እሱ ነውና።

ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። ከሁለቱ ታንኮች የሚወጡት ቱቦዎች ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አንድ ቱቦ ሆነው፣ ነዳጅ ውስጥ ያለ አየር ፓምፑ ጋ እንዳይደርስ ወደምትይዘው ዕቃ፣ ወደ አረፋ ማጥመጃዋ ይገባሉ። ሞተርህን ያጠፋው ይኼ ማገናኛ ነው።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጥና በሁለት ስትሮ በአንድ ጊዜ ጠጣ። ሁለቱም ውሃ እስካላቸው ድረስ ችግር የለም። አንደኛው ባለቀ ቅጽበት ግን አፍህ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ሌላው ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ሙሉ ቢሆንም አይጠቅምህም፤ አየር ከውሃ ይልቅ ይቀለዋልና ቀድሞ ይመጣል። ፓምፕህም ያደረገው ይህንኑ ነው። ትንሹ ታንክ ለማገናኛው ቅርብ ነው፣ ቱቦውም አጭር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ነዳጅ ከእሱ ተሳበ። የ100 ኒውተን ተርባይን በሙሉ ኃይል በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። በተለመደ በረራ አማካዩን ከ200 እስከ 250 ብትይዘው፣ በአራት ደቂቃ ከ0.8 እስከ 1 ሊትር ሄዷል ማለት ነው። ትንሹ ታንክ ባዶ የሚሆነውም እዚያው ገደማ ነው። ሞተሩ የጠፋበት ደቂቃ ራሱ ምክንያቱን ነግሮሃል።

«አረፋ ማጥመጃዋስ ምን ሠራች?» ብትል፣ ሥራዋን ሠርታለች። ይቺ ትንሽ ዕቃ ከታንኩና ከፓምፑ መሃል ትገባለች። የፍሎሪዳው ቦብ ቫዮሌት ሞዴልስ የሚሸጣት ዩኤቲ በመባል ትታወቃለች፤ ብዙ ሰው የሌላውንም ፋብሪካ በዚያው ስም ይጠራዋል። ውስጧ ነዳጅ የሚያሳልፍ፣ አየርን ግን የሚያስቸግር መምጠጫ አለ። አልፎ አልፎ የሚመጣ አረፋ ከላይ ይጠራቀማል፣ ፓምፑ ከመሃል ንጹሕ ነዳጅ ይስባል። የአንተዋ 120 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። በደቂቃ 300 እየተሳበ ከኋላዋ አየር ብቻ ቢመጣ፣ በ24 ሰከንድ ታልቃለች። ለአንድ ሁለት አረፋ የተሠራች ናት እንጂ ለባዶ ታንክ አይደለችም።

ማገናኛውን አውጣውና ታንኮቹን በተርታ አያይዛቸው። መተንፈሻው፣ ማለትም ከውጭ አየር የሚያስገባው ቱቦ፣ ወደ ትንሹ ታንክ ይገባል። የትንሹ ታንክ መምጠጫ ወደ ትልቁ ታንክ የላይኛው አፍ ይሄዳል። የትልቁ ታንክ መምጠጫ ወደ አረፋ ማጥመጃዋ። ከእሷ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ወደሚከፈተው ቫልቭ፣ በመጨረሻ ወደ ተርባይኑ። እንዲህ ሲሆን ትንሹ ታንክ መጀመሪያ ያልቃል። እሱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው አየር ትልቁ ታንክ ውስጥ ገብቶ ላይ ይቀመጣል፤ መምጠጫው ግን ታች ነው። ሁለቱም እስኪያልቁ ድረስ ወደ ማጥመጃዋ የሚሄደው ነዳጅ ነው።

ታንኩን በከፈትክበት አጋጣሚ ውስጡን እይ። ጋራዥ ውስጥ ሳልባትዮ፣ የመኪናውን ነዳጅ ታንክ፣ ስንፈታ መጀመሪያ የምናየው መምጠጫውን ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ነው። በተጣጣፊው ቱቦ ጫፍ ያለችው ከባድ መምጠጫ ነዳጁ ወደሄደበት እየተወዛወዘች መከተል አለባት። ቱቦው ከረዘመ ከታንኩ የኋላ ግድግዳ ጋር ትጣበቅና አትዞርም። ወደ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውላት። ታንኩን በእጅህ ያዘውና አገላብጠው። ስትወድቅ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማህ ነፃ ናት። ካልሰማህ አንድም ቱቦው ደርቋል፣ አንድም ረዝሟል።

ስለ ቱቦ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ተርባይኑ ለሚያቃጥለው ላምባ የሲሊኮን ቱቦ አይሆንም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከአፉ ላይ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ከሜታኖል ሞተር ሲመጣ የለመደውን ቱቦ ይዞ ይመጣል። ታንክ ውስጥ ታይገን ወይም ቫይተን የሚባለውን፣ ላምባ የማይጎዳውን ተጣጣፊ ቱቦ ተጠቀም። ከታንክ ውጭ ጠንካራው የፖሊዩሬቴን ቱቦ ይሻላል፦ ወደ ተርባይኑ የሚገፋው 4 ሚሊ ሜትር፣ የሚስበውና መተንፈሻው 6 ሚሊ ሜትር። መተንፈሻው መቼም ቢሆን ከመምጠጫው የጠበበ መሆን የለበትም። ነዳጅ በወጣ ቁጥር አየር መተካት አለበት፤ ካልተተካ ፓምፑ ታንኩን ራሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የመተንፈሻውን ክዳን ሳይነቅሉ ሞተር አስነስተው ታንካቸው እንደ ተጨመቀ ጣሳ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። ክዳኑ ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ እሰርበት፤ በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ከበረራ በፊት የሚነቀል ነገር ሁሉ ቀይ ጨርቅ የሚንጠለጠልበት ለዚህ ነው።

አሁን ብዙዎች የማያውቁት ነገር። ከፓምፑ በኋላ ያለ ቱቦ ቀዳዳ ካለው ነዳጅ ይረጫል፣ ታየዋለህ፣ ይሸትሃል። ከፓምፑ በፊት ያለው ግን ሞተሩ እየሠራ አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም። ግፊቱ ወደ ውስጥ ስለሆነ ነዳጅ አይወጣም፣ አየር ይገባል። ስለዚህ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው አትበል።

ይህን የተማርኩት በራሴ አውሮፕላን ነው። ስድስት በረራ ያለ ችግር በረረ፤ በሰባተኛው ለማረፍ እየገባ ጠፋብኝ። ሜዳው አጠገብ የነበረ ረጅም ሳር አዳነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ሁሉም ነገር ደረቅና ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ ከማጥመጃዋ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ በጣቴ ዳበስኩት። እኔው ራሴ ያሰርኩት ቀጭን ሽቦ የቱቦውን ሥጋ በልቶት ነበር። የተቆረጠው ከሥር በኩል ስለሆነ አይታይም። ጣቴ ላይ እንደ ፀጉር የሚቧጥጥ ስንጥቅ ብቻ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ሳስር አንድ ዙር አጥብቄ አቆማለሁ፣ ጫፉንም ከቱቦው አርቄ አጥፈዋለሁ።

አንተ ሁለት ቀን አትፈልግ። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ግዛ። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ንቀልና ስሪንጁን እዚያ ላይ ስካ። የትንሹን ታንክ መተንፈሻ ዝጋ። ስሪንጁን ትንሽ ብቻ ሳበውና ለአንድ ደቂቃ ያዘው። ታንክ እንዳትጨፈልቅ በኃይል አትሳብ። ስትለቀው ወደነበረበት ከተመለሰ መስመሩ ደህና ነው። ሳይመለስ ከቀረ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየለየህ ድገመው።

ቀጥሎ አውሮፕላኑን በጭራው በኩል እሰረውና ሞተሩን አስነሳ። ከማጥመጃዋ በኋላ ካለው ቱቦ ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርግ። ረዳትህ መቆጣጠሪያውን ይዞ ቀስ እያለ እስከ ሙሉ ኃይል ይውሰደው፣ አንተ ቱቦውን ብቻ እይ። ነዳጁ ንጹሕ ከሆነ ቱቦው ባዶ ይመስላል፤ ምንም ሲንቀሳቀስ አታይም። አረፋ ካለ ግን እንደ ብር ሽቦ ብልጭ እያለ ሲሮጥ ታየዋለህ። አንድ ትንሽ አረፋ ተርባይኑን አያጠፋውም። በተከታታይ ከመጣ ግን አትብረር። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ሞተር ነው፤ ነዳጅ ለአፍታ ሲቋረጥበት እሳቱ ይጠፋል፣ አየር ላይ ደግሞ እንደገና ለማስነሳት ጊዜ አይሰጥህም። ኩሽኔታዎቹም የሚቀቡት በነዳጁ ውስጥ ባለው ዘይት መሆኑን አትርሳ። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች 5 በመቶ የተርባይን ዘይት ይላሉ፤ ለ20 ሊትር ላምባ አንድ ሊትር ነው። የአንተን ሞተር መመሪያ እይና እሱ የሚለውን አድርግ።

ይህ ካለቀ ወደ ክብደቱ እንሂድ።

ትልልቅ አውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ሲመዘን አይተህ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ወጣት ቴክኒሺያን ሳለሁ ከሥራዬ ሁሉ ይህን እወድ ነበር። በሩ ይዘጋል፣ ንፋስ እንዳይገባ። አውሮፕላኑ በሚዛኖች ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ ይርቃል። ከዚያ የፊቱና የኋላው ቁጥር ይነበባል። ከእነዚያ ቁጥሮች የክብደቱ መሃል፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ የት እንደሆነ ይሰላል። ለአንተ 12 ኪሎ ጄትም ሒሳቡ ያው ነው፤ የሚያስፈልግህ ሦስት የወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነው።

ከኋላ ጎማዎችህ እስከ ፊት ጎማህ 700 ሚሊ ሜትር ነው። የፊት ጎማህ ሚዛኑ ላይ 1.9 ኪሎ አሳይቷል። 1.9ን በ700 አባዛው፣ ለ12 አካፍለው። 111 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የክብደትህ መሃል ከኋላ ጎማዎችህ 111 ሚሊ ሜትር ወደፊት ነው ማለት ነው። የፊት ጎማው ከጠቅላላ ክብደቱ 16 በመቶ ያህል ይሸከማል። ይህ በባዶ ታንክ ነው።

አሁን ሙላው። 3 ሊትር ላምባ 2.4 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ሊትሩ 0.8 ኪሎ ስለሚመዝን። በፎቶህ ላይ ትልቁ ታንክ ከክብደቱ መሃል 110 ሚሊ ሜትር ወደፊት፣ ትንሹ 150 ሚሊ ሜትር ወደፊት ተቀምጠዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ብንወስድ ወደ 120 ነው። 2.4ን በ120 አባዛና ለ14.4 አካፍል፤ 20 ሚሊ ሜትር። ታንኩ ሲሞላ የክብደቱ መሃል 20 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው አሁን 2.7 ኪሎ፣ ከጠቅላላው ወደ 19 በመቶ ይሸከማል። ጅራቱ ያን ሁሉ ማንሳት አለበት። አልነሳ ያለህ ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ስንት መሆን አለበት? በትልልቆቹ ዘንድ ከ8 እስከ 15 በመቶ ይባላል። ለሞዴል ጄት ከ10 እስከ 13 ስይዝ ተመችቶኛል። ከ8 ካነሰ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይነክስ መሪው ይቀልልሃል፣ በጎን ንፋስ ይስታል።

ማስተካከያው በሦስት እርምጃ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ።

አንደኛ፣ ትልቁን ታንክ ወደ ኋላ ውሰድና መሃሉን ልክ ክብደቱ መሃል ላይ አሳርፈው። ያኔ ቢሞላም ቢጎድልም አውሮፕላኑን አያዛንፈውም። ትንሹ ባለበት ይቆይ። ሲሞላ የሚያመጣው ለውጥ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ደግሞም በተርታ ስላያያዝከው ቀድሞ ያልቃል። ታንክ ከክብደቱ መሃል ኋላ ማስቀመጥ ግን አይታሰብም። በሙሉ ታንክ ስትነሳ፣ ማለትም መሬት ላይ ቅርብና ቀስ ባልክበት ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ጅራቱ ከብዶት አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ኮንኮርድ በበረራ ላይ ነዳጅ ወደ ኋላና ወደፊት እየገፋ ሚዛኑን ይጠብቅ የነበረው ነዳጅ ይህን ያህል ጉልበት ስላለው ነው። እኛ በአየር ላይ ማሸጋገሪያ የለንም፤ ከመጀመሪያው ቦታውን መምረጥ አለብን።

ሁለተኛ፣ የክብደቱ መሃል መመሪያው ከሚለው 15 ሚሊ ሜትር ወደፊት መሆኑን ራስህ ጽፈሃል። «ለደህንነት» ብለህ ባትሪውን አፍንጫው ውስጥ አስገባኸው። ሐሳብህ ይገባኛል፤ ጀማሪ ሁሉ ፊቱ ከከበደ አይወድቅም ይባላል። ግን በዚህ ልክ ሲሆን አውሮፕላኑ ከመሬት አይለቅም፣ ሲያርፍም ፈጥኖ ነው የሚያርፈው። የባዶው ታንክ መሸጋገር ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጥሃል። ቀሪውን ግማሽ ኪሎዋን ባትሪ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በመውሰድ ታገኘዋለህ። ስትለካ ታንኮቹ ባዶ፣ አረፋ ማጥመጃዋ ሙሉ፣ ጎማዎቹ የወረዱ ይሁኑ። አንተ ጎማዎቹ ታጥፈው ለካህ። የፊት እግርህ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ፣ ሲወርድ ክብደቱን ይዞ ወደፊት ይሄዳል። 350 ግራም እግር 15 ሳንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ከስህተትህ አንድ ሦስተኛው ገደማ ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስተኛ፣ አሁን ጎማውን ንካ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ በባዶ ታንክ 111 የነበረው 96 ይሆናል፣ የፊቱ ጭነት ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ትንሽ ይቀራል። የኋላ እግሮችህ 215 ሚሊ ሜትር ናቸው። በ4 ዲግሪ ወደፊት ብታዘነብላቸው ጎማው 15 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይመጣል። ለዚህ ክንፉን መቅደድ አያስፈልግም። መታጠፊያው፣ ማለትም እግሩን የሚያጥፈው ዕቃ፣ ከሥር ወደ ላይ በብሎን የሚታሰር ከሆነ፣ በኋለኞቹ ሁለት ብሎኖች በኩል፣ በእንጨቱና በመታጠፊያው መሃል ሽብልቅ አስገባ። መቀመጫው 60 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ሽብልቁ ወፍራም ጫፉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጠንካራ ፕላይውድ ሥራው፤ ፕላስቲክ ይጨመቃል። ረዘም ያለ ብሎን ማስገባትህን አትርሳ።

ከዚያ ጎማውን አጥፈውና ክንፉ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ተመልከት። መታጠፊያውን ስላዘነበልከው ጎማውም በ4 ዲግሪ አዘንብሎ ይተኛል። የ80 ሚሊ ሜትር ጎማ ከሆነ አንዱ ጠርዙ ከሌላው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይወጣል። የሚነካ ነገር ካለ የመታጠፊያው ሞተር ጉልበት ይጨምራል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ «ደረስኩ» ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመዋል። የኤሌክትሪክ መታጠፊያ መድረሱን የሚያውቀው ሞተሩ በሚስበው ኤሌክትሪክ ነውና። አውሮፕላኑን አንጠልጥለህ 20 ጊዜ አውጣው፣ አስገባው። ድምፁ በሁሉም ዙር አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ በባዶ ታንክ የፊት ጎማው 1.4 ኪሎ፣ በሙሉ ታንክ 1.85 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ 12ና 13 በመቶ ገደማ። ከ2.7 ኪሎ ወደዚህ ወረደ። ከዚህ በላይ ግን ጎማውን ወደፊት አታምጣ። ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ክብደቱ መሃል መስመር ብታሰምር፣ ከቀጥታው ቢያንስ 15 ዲግሪ ወደፊት ማዘንበል አለበት። አለዚያ ስትቆም በጅራቱ ይቀመጣል። የአንተ ወደ 18 ነው፤ በቂ ነው።

አሁን ስለ «ብድግ» እና ስለ መንጠሩ። ሁለቱም ከዚሁ ነው የሚመጡት። በሙሉ ታንክ የፊት እግርህ ሞላ ከክብደቱ የተነሳ እስከ መጨረሻው ተጨምቋል። አፍንጫው ስላጎነበሰ ክንፉ አየሩን ከላይ እየተቀበለ አውሮፕላኑን መሬት ላይ ያጣብቀዋል። በፍጥነትም ቢሄድ አይነሳም። አንተ ጅራቱን እየሳብክ ትጠብቃለህ። በመጨረሻ አፍንጫው ሲላቀቅ ፍጥነቱ ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ጅራቱም በሙሉ ተስቧል። ስለዚህ ይዘላል።

ሲያርፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ ከክብደቱ መሃል በጣም ርቀው ስላሉ፣ መሬት ሲነኩ አፍንጫውን በኃይል ወደታች ይጥሉታል። ሞላው ይጨመቅና ይመልሰዋል። አፍንጫው ሲነሳ ክንፉ እንደገና አየር ይይዛል፣ አውሮፕላኑ እንደገና ይበራል። ይህ ነው መንጠሩ። ታንኩን ስታስተካክል ግማሹ ይጠፋል። ቀሪውን እንዲህ አድርገህ ታየዋለህ፦ ታንኩን ሙላ፣ ለስላሳ መሬት ላይ አቁመው፣ አፍንጫውን በእጅህ ጫን አድርገህ ልቀቀው። ቀስ ብሎ ተመልሶ መቆም አለበት። ዘሎ ከተመለሰ ሞላው ብቻውን ነው የሚሠራው፣ የሚያበርደው ነገር የለም ማለት ነው፤ እንደ እግሩ ዓይነት ወፍራም ግሪስ ወይም የሲሊኮን ዘይት ያስፈልገዋል። ከዚያ በስልክህ ላይ ባለው የዲግሪ መለኪያ ክንፉን ለካ። በሙሉ ታንክ ከ0 እስከ 1 ዲግሪ አፍንጫው ቀና ያለ ይሁን። አሁን 1.5 ዲግሪ ያጎነበሰ ይመስለኛል። ወደ 0.5 ለማድረስ የፊቱ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ አብዛኛውን ጭነቱ ሲቀንስ ሞላው ራሱ ይሰጥሃል። ሌላ ሞላ ከመግዛትህ በፊት መጀመሪያ ይህን እይ።

የፊት ጎማው መሪ ግራና ቀኝ 10 ዲግሪ ቢዞር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ በፍጥነት ላይ ትንሽ ስትነካው አውሮፕላኑን ይገለብጠዋል። የኋላ ጎማዎቹ ደግሞ ቀጥ ብለው ይሂዱ። ሞተር ሳታስነሳ ለስላሳ ወለል ላይ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ አንዱ ጎማ ዞሯል።

አውሮራ ስላለህ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታህ 1,650 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፉ ወደ 15 በመቶ ይሳሳል። ክንፉ በዚያ ቀጭን አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት በመሬት ላይ 8 በመቶ ያህል ፍጥነት ይጨምራል። ተርባይኑም ግፊቱ ይቀንሳል። ሞቃት ሐምሌ ሲሆን የባሰ ነው። ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 17 በመቶ ያህል ይጨምራል። በፍሎሪዳ ሜዳ ላይ የሚበር ሰው «በዚህ ርቀት ይነሳል» ቢልህ ለእሱ እውነቱን ነው፤ አንተ ግን በራስህ ሜዳ ለካው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትር አልፎ፣ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ረጅም ማኮብኮቢያ የሚፈልጉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጄቱን በክለብ ሜዳ የምታበረው ከሆነ በአሜሪካ የሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ በኩል የተርባይን ፈቃድ እንደሚያስፈልግህ ታውቃለህ። የእሳት ማጥፊያህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ ዱቄቱ እሳቱን ቢያጠፋም ተርባይኑን ያበላሸዋል። ሞተሩ ሲነሳ አጠገብህ፣ በእጅህ ርቀት ይሁን። መኪናው ውስጥ ያለ ማጥፊያ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራህን ስትጨርስ አምስት ነገር ላክልኝ፦ የሦስቱን ሚዛኖች ቁጥር በባዶ ታንክ፣ የሦስቱን በሙሉ ታንክ፣ የቱቦዎቹን ፎቶ ከመተንፈሻው እስከ ፓምፑ፣ የስሪንጁን ውጤት፣ ጎማው ታጥፎ ክንፉ ውስጥ የተኛበትን ፎቶ። ቁጥሩን ሳላይ አትብረር ወንድሜ። የመጀመሪያውን በረራ ደግሞ በግማሽ ታንክ አድርገው፤ 1.5 ሊትር በአማካይ አጠቃቀም ለስድስት ደቂቃ ይበቃል፣ አንተ ግን በአራተኛው አውርደው። ካረፍክ በኋላ የቀረውን ነዳጅ በስሪንጅ እየሳብክ ለካውና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሄደ ጻፍልኝ፤ የበረራ ሰዓትህን ከዚያ ቁጥር ተነስተን እንወስናለን።